የዳቦ ቤቱ ሾፌር

ሐሙስ

ልጄን አባትሽ የማፊያ ተላላኪ ነበር ብለዋታል። ልያ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ ነው የነገረችኝ፤ እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ አልገባኝም። የክፍል ጓደኛዋ ቅዳሜ ዕለት ትንሿ ኢጣሊያ ሰፈር ቱር ወጥታ ነበር፤ የጣሊያን ማፊያ ቶሮንቶ ውስጥ እንዴት እንደገነነ እየተዞረ የሚተረክበት ቱር። አስጎብኚው አንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት ፊት ቆሞ፣ እዚህ የተገደለው ኢትዮጵያዊ ሾፌር በዳቦ ቅርጫት ውስጥ ኮኬይን ያደርስ ነበር አላቸው።

ኢትዮጵያዊው ሾፌር ባሌ ነው። ዳንኤል። የሚያደርሰው ዳቦ ነበር፤ ሌላ ምንም። ልያ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ገዳዩ አልተያዘም። እኔም የምጠላው ፊት አጥቼ ኖርኩ።

ዛሬ አንድ ፊት አገኘሁ።

ዓርብ

ፓስተር ጋ ደወልኩ። መደወል አልነበረብኝም። በቀልን ለጌታ ተይው አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ስልኩን እንደዘጋሁ ለነገው ቱር ቦታ ያዝኩ፣ በውሸት ስም።

በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ዕቃ እያጠብኩ የምለውን ሳጠና ዋልኩ። በእንግሊዝኛ። ሰው ፊት አዋርደዋለሁ።

ቅዳሜ

አላዋረድኩትም። ምላሴ ተሳሰረ።

አስጎብኚው ጎልማሳ ነው፣ ኮፍያውን ገደድ አድርጎ የሚደፋ። ሲተርክ ያጣፍጣል፤ የበለጠ ያበገነኝም ይኸው ነው። ከደቡብ ጣሊያን ከካላብሪያ ስለመጡ ቤተሰቦች ተናገረ፤ ከሐይቁ ማዶ ከአሜሪካዋ ከተማ ከቡፋሎ ትእዛዝ ይቀበሉ ስለነበሩ ሰዎች፤ አልከፍልም ያለ ባለሱቅ በሩ ላይ ቦምብ ይፈነዳበት እንደነበር። ሰዉ አይስክሬም እየላሰ ያዳምጣል። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ የሾፌሩን ታሪክ አመጣው። ሳቁ። ዳንኤል የወደቀበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ፎቶ ተነሣች።

ሁሉም ሲበተን ብቻ ጠጋ ብዬ የሾፌሩን ነገር ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት። ምንም ሳይጠራጠር ነገረኝ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት የነበሩት አሮጊት ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ አለ።

ሮዛ። ቀብሩ ላይ ክንዴን ይዛ የቆመችው ሮዛ።

እሑድ

ከቸርች ቀረሁ። ኖርዝ ዮርክ፣ ሮዛ ቤት ሄድኩ።

በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ እዚህ ማስታወሻ ላይ ግን አንቱ አልላትም። በዎከር፣ በመራመጃ ብረቷ፣ ተደግፋ ራሷ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ከዚያ አወቀችኝ፣ ፊቷ ነገረኝ።

ቁጭ ሳልል ጠየቅኋት። ሁሉንም ተናገረች። ጥይቱ የተተኮሰው ለልጇ ለማርኮ ነበር። ከነዚያ ሰዎች ጋር የገባው እሱ ነው፤ በዳቦ ቤቱ በኩል ኮኬይን የሚያሳልፈውም እሱ። የዚያን ቀን ብርድ ስለነበር ዳንኤል የማርኮን ጃኬት ደርቦ ዳቦ ሊጭን ወጣ። ከኋላ ተኮሱበት። ለእኔ ያኔ የነገሩኝ፣ ለዝርፊያ የመጡ ናቸው ብለው ነው።

"ሾፌሩ ንጹሕ ነው ብንል፣ ታዲያ ኮኬይኑ የማን ነው ይሉን ነበር" አለችኝ። "የሞተ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል ብዬ ነው።"

ልገፋት አማረኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ አማረኝ። ዎከሯን በእግሬ ጠለፍ ባደርገው ይበቃ ነበር። እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።

ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እዚያው ቆመሽ ይህንኑ ትናገሪያለሽ፣ እምቢ ካልሽ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ አልኳት። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ፖሊስ ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም። እሷም አታውቅም።

ማክሰኞ

ልያ ተይው ትለኛለች። ማርኮ አሁን ትልቅ ኮንትራክተር ሆኗል፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ዝም አይልም፣ እኔ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ አለችኝ። ልክ ናት። 

ግን ዛሬ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ቂም እንዲህ የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ

መጣች። ታክሲው ውስጥ መቁጠሪያዋን ታንከባልል ነበር። አላጽናናኋትም።

አስጎብኚው ዳቦ ቤቱ ፊት ቆሞ ሲጀምር አስቆምኩት። የሟቹ ሚስት ነኝ አልኩ። ይቺ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ናት፣ እሷ ትንገራችሁ። ዛሬ ምላሴ አልከዳኝም። ሰዎቹ ስልካቸውን አወጡ።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማ። "ሾፌሩ ምንም አላደረገም። ጥይቱ የታሰበው ለልጄ ነበር። ልጄ ማርኮ ነው።"

አስጎብኚው ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ የሾፌሩንም ስም ጠየቀኝ። ዳንኤል ነው፣ ካሁን በኋላ በስሙ ጥራው አልኩት።

ሮዛ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ደስ አለኝ። ይቅር ያልኳት እንዳይመስላት ታክሲ ጠርቼ ብቻዋን አሳፈርኳት።

እሑድ

ጠዋት ማርኮ ደወለ። ቪዲዮው ተሰራጭቷል፣ አይቶታል። ቁጥሬን ከእናቱ ይሆናል ያገኘው። ልያ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ አጠገቤ ነበረች።

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም፣ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። እናቴ አርጅታለች፣ የምትለውን አታውቅም አለ። ከዚያ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

"ልጆችህ አይተውታል?" አልኩት።

 

"ትልቋ አይታዋለች" አለ።

ዘጋሁት።

ልያ በሩን ቆልፊው አለችኝ፣ ቆለፍኩት። እኔ ያለሁበት ክሬሰንት ታውን ድረስ ሰው ይልክብኝ ይሆን? አላውቅም። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ግን ዛሬ፣ እሱ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ልጅ አባቷን ፊት ለፊት ቁጭ አድርጋ እየጠየቀችው ነው።