ክዳን ያጣ ጉድጓድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ ለመንበረ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ እታለም? የጅማው ዝናብ ጋብ አለላችሁ ወይ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነዝርሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ኃይለ ጊዮርጊስና ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ለቁመናዬ ደህና ነኝ፤ የልቤን ግን አትጠይቂኝ። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅሽ ስለጠፋብኝ ይህን በአስማረ እጅ ልኬዋለሁ። አዲስ አበባ ሲደርስ በፖስታ ቤት ይሰድልሻል።

መጨረሻ የደወልሽ ጊዜ እናታችንን አገናኘኝ ብትዪኝ፣ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ዳሌዋ ተሰብሮ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ክረምቱ እንደወጣ የወረዳ ሰዎች በማኪና መጥተው ሰውን መንገድ ዳር ሰበሰቡት። ጥቃት ሊመጣ ይችላልና በየግቢያችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በእንጨትና በአፈር ክደኑት፣ ውሃና በሶ አስቀምጡ፣ ተኩስ ስትሰሙ ግቡበት አሉን። ማን ይስማቸው? አንዱ የደበቅነውን መሣሪያ በእኛው እጅ ሊያስቆፍሩን ነው አለ። ሌላው ደግሞ አምናም መጣ መጣ ብለው ከአዝመራችን አሸሽተውን የመጣው ዝንጀሮ ብቻ ነበር፣ ገብሳችንን በልቶ ሄደ አለ። አያ አዳሙ ተነሥተው "ማዳበሪያውን በጊዜው ማድረስ ያቃተው መንግሥት የጥይቱን ቀን ከየት አወቀው?" ሲሉ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

እኔ ግን ፈራሁ። እናታችንን አደራ ብለሽኝ የለ? ቆፈርሁ። ጎረቤታችንን ወንዴንና ሚስቱን ትርንጎን፣ አብሮ አደግሽን፣ እንቢ ቢሉኝም ለምኜ አስቆፈርኋቸው። የእነሱን በባሕር ዛፍ ረብርበን አፈር አልብሰን ጨረስን። የእኔን ነገ እከድነዋለሁ ብዬ ድንች ጭኜ ጎንደር ገበያ ወረድሁ። ስመለስም ሌላ ሥራ ያዘኝ። የማርያም ዕለት ማለዳ እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ ለቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ጉድጓዱን ሳታየው ገባችበት።

ወጌሻው ሊነካት ስለፈራ ሆስፒታል ወሰድናት። ከተመለስን በኋላ ጠያቂው ሁሉ "ጠላት ሳይደርስ የመንግሥት ምክር ሰበራት" ይል ጀመር። ይህ ቃል ተመቸኝ፣ እታለም። እኔም አብሬ አልሁት። አካፋ አንሥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጉድጓዱን ደፈንሁት። እናታችን ከመደቡ ላይ ሆና የአካፋውን ድምፅ ስትሰማ ቆይታ ኖሮ፣ ስገባ "ልጄ፣ ጉድጓዱ ምን በደለ? ክዳን የነፈግኸው አንተ ነህ" አለችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ። ወንዴም እኔን አይቶ የእሱን ሊደፍን ተነሣ። ደህና ተከድኖ ሳለ ተው አላልሁትም። አካፋዬን አዋስሁት።

ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ አንድ ረፋድ ከባድ መሣሪያ መንደሩ ላይ ወደቀ። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ እስካሁን በውል የሚያውቅ የለም። እኔ ከቤት ነበርሁና እናታችንን አቅፌ ግድግዳው ሥር ተደፋሁ። እኛን እግዜር አወጣን። ትርንጎ ግን ከማድቤት ወጥታ ጉድጓዱ ወደነበረበት ሮጠች። በድንጋጤ መደፈኑን ረስታዋለች። እዚያው አፈሩ ላይ እንደተደፋች ፍንጣሪ ቀኝ እግሯን መታት። ሆስፒታል ከጉልበቷ በታች ቆረጡላት።

ወንዴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። በወቀሰኝ በተሻለኝ ነበር። ገብሱን ልወቃለት ስሄድ መንሹን ይሰጠኛል። መንግሥትን ዛሬም አምኜው አይደለም፤ አገሩም አላመነውም፣ አይፈረድበትም። ግን ያኔ ጉድጓዱን የደፈንሁት ምክሩን ንቄ አልነበረም። ስንፍናዬን ሰው እንዳያይብኝ ነው። ባላምነው እንኳ ጉድጓዱን ሳልደፍን መተው እችል ነበር።

ሰሞኑን አያ አዳሙ እቤት ድረስ መጥተው "አንተ ምን ትላለህ? እንቆፍር ወይስ ይቅር?" ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ ቆፍሩ ብዬ፣ ኋላ ደፍኜ ያሳየሁ ሰው ምን አፍ አለኝ? "ከቆፈሩ ሳይከድኑት አይደሩ" ብቻ አልኋቸው። ከዚያ አብሬያቸው ሄጄ የእሳቸውን ቆፈርን፤ ከድነን ነው የተለያየነው።

እናታችን አሁን ደገፍ ሲያደርጓት ትቀመጣለች፤ እህሉም ይበላላታል። ወቀሳሽን ለእኔ ጻፊልኝ፣ አይከፋኝም። ለእሷ ግን ሸጋ ሸጋውን ብቻ ጻፊላት፤ ባለቤቴ ታየች ታነብላታለች። መንገዱ ሳይረጋ እመጣለሁ ብለሽ እንዳትነሺ።

ለኃይለ ጊዮርጊስ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሰው። ሃናን፣ በትምህርቷ እንድትበረታ አጎቷ አደራ ብሏል በያት። ትንሹን በእኔ ፈንታ ጉንጩን ሳሚልኝ። እናታችን ከተኛችበት ሆና እናንተን እየጠራች ትመርቃለች። ታየች እጅ ነሥታለች። አያ አዳሙም እንደምን ናት ብለዋል።

ትርንጎም ሰላም ብላሻለች። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ የእግሯን ነገር እንዳልጽፍልሽ ለመነችኝ። "መንበረ ከሰማች አንተን ትጠላሃለች፤ ወድቄ ነው በላት" አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁ። ይኸው ግን ጻፍሁት።

ወንድምሽ ምስጋናው
ኮሶዬ፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.