የማልቀምሰው ምንቸት አብሽ

ሰኞ

ሾርባውን ዛሬም ደፋሁት። ብርቱካን ሁለት ማንኪያ ፉት አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወባው ለቋታል፣ መድኃኒቱንም ጨርሳለች፤ እህል ግን አልወርድ አላት። ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ደምሴ ከደብረ ማርቆስ ደውለው ነበር። ቅዳሜ መጥተው ያዩዋታል፣ ካልተሻላት ይዘዋት ይሄዳሉ። አንዴ ከሄደች ደግሞ እናቷ ወደዚህ ቆላ መልሳ አትልካትም።

ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ሆነን አንድ ቤት ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። እኔ የጀውሃ ልጅ ነኝ፣ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ያለ እሷ ግን... ያ ረቢ፣ አላስበውም።

ምን ያምርሻል ስላት ምንቸት አብሽ አለች።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በደጁ አልፌያለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ባለ ሥጋ ቤቱ ሂጃቤን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ይሄ የክርስቲያን ነው" አለኝ። ለታመመች ጓደኛዬ ነው አልኩት። ከቀዩ መርጦ ሁለቴ ፈጨልኝ።

ከዚያ ሩጫ። በዚህ ሙቀት ሥጋ አያድርም። በእሷ ድስት፣ በእሷ ማማሰያ። ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ። በርበሬውም እናቷ የላከችላት ነው፤ የቤቷ ጣዕም የምግብ ፍላጎቷን ይከፍት ይሆናል ብዬ። በግማሽ ሰዓት ደረሰ። ጭንቁ ጨው ላይ ነው። ሥጋ ሲሆን እሷም የእሷን፣ እኔም የእኔን ነው የምንሠራው። የእሷን ቀምሼ አላውቅም፣ አልቀምስምም። በዓይኔ ገምቼ ጨመርኩ።

አምስት ጉርሻ በላች! እኔም እጄን ታጥቤ ሽሮዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጨውስ አልኳት። ልክ ነው አለች። አልሃምዱሊላህ።

ረቡዕ

እጾማለሁ አለች። የታመመ አይጾምም ብላት ማን ሰምቶኝ። መብራት የለም፣ አየሩ ያፍናል። የእሷንም ክፍለ ጊዜ እኔ ነኝ የማስተምረው። ልጆቹ ላይ ያለ ጥፋታቸው ጮህኩባቸው።

ቀሚሷ ሰፍቷታል። ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። ሦስት ቀን ቀረ።

ሐሙስ

ድጋሚ ምንቸት አብሽ። ዛሬ ከምድጃው ሳላወርደው ጨውን እንድትቀምስልኝ በማንኪያ ይዤ አልጋዋ ድረስ ሄድኩ። "አትንኪው፣ ልክ ነው" አለች። ግማሽ ሳህን በላች፣ ብዙ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ በራሷ እግር ወጥታ ደጅ ተቀመጠች። እግርሽ የሽመላ እግር መስሏል ብዬ አበሸቅኳት። ከእንግዲህ የወባ ትንኝም አዝና ታልፈኛለች አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን።

ቅዳሜ

ጋሼ ደምሴ ለምሳ ደረሱ። ብርቱካን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ቆማ ተቀበለቻቸው። ደስ አላቸው። በቃ አይወስዷትም ብዬ ልቤ ሞላ። ረፋዱ ላይ የሠራሁትን ምንቸት አብሽ አቀረብኩ።

አንዴ ጎረሱና ማኘኩን አቆሙ። እንደምንም ዋጡት፣ ውሃ ጠየቁ። ክፉ አልተናገሩም። የእናታችን በርበሬ እኮ ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ አላወቅሽም መሰለኝ አሉኝ። የእኛ ቤት በርበሬ ጨው የለውም፤ በምን ልወቅ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

"ሳምንቱን ይሄን ስትበይ ነው የከረምሽው?"

"አፌ ገና ጣዕም አይለይም" አለች።

ፊታቸው ተለወጠ። ይሄን ሁሉ ጨው ያልለየች ልጅ ምኗ ዳነ፣ እንዲህ ሆና ጥያት አልሄድም አሉ። ብትለምናቸውም አልሰሟትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስፋልት ዳር ሚኒባስ አስቁመው ይዘዋት ሄዱ። ምንቸት አብሹን ደፋሁት።

እሑድ

ደወለች። አዲስ አበባ አድረው ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። እናቷ ዛሬውኑ የዝውውር ማመልከቻ ጻፊ ብላታለች። ልትጽፊ ነው ወይ ስላት፣ እኔ እንጃ አለች።

አፍሽስ ተሻለው አልኳት። እውነቱን አወጣችው። አፏ ምንም አልነበረም። ጨው እንደበዛ ከማክሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። ትላንትም ወንድሟ ፊት እንዳላፍር ነው እንደዚያ ያለችው። ተናደድኩ፣ ወላሂ ተናደድኩ። ያኔውኑ ብትነግሪኝ አስተካክለው አልነበር ወይ፣ ይሄኔ እዚህ አልነበርሽ ወይ አልኳት።

"ብነግርሽ ለእኔ ብለሽ ትቀምሻለሽ ብዬ ፈራሁ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እቀምስ ነበር።