የደፋሁት ሰም

ይድረስ ላሳደገችኝ አክስቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽስ ተሻለው? እኔ ጓደኛዬ ቤት ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከፋኝ እንጂ አልታመምሁም።

ፀጉር ሠሪያችን መልእክትሽን አድርሳኛለች። ወገብሽን ይዘሽ መቆምሽን ሳይቀር እያስመሰለች ስለነገረችኝ ራስሽ የመጣሽ ነው የመሰለኝ። ሰሙን ስደፋ ባዩኝ ደንበኞች ፊት ይቅርታ ከጠየቅሁ ወደ ሳሎኑም ወደ ቤትም እንድመለስ ፈቅደሻል አሉ። አልጠይቅም።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷ አብጦ፣ ጥፍሯ ሥር መግል ቋጥሮ መጣች። መርፌ መያዝ አቅቷታል። ከሳምንት በፊት ቆዳዋ እንዲለሰልስ እጇን የቀለጠው ሰም ውስጥ የነከርሁት እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት ስንት እጅ እንደገባበት አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም፤ ከሰው እጅ የላጥሁትን ሰም "መልሺው፣ ይቀልጣል" ስትዪኝ ማሞቂያው ውስጥ ስመልስ ኖሬያለሁ። አንቺ ግን ጣቷን በቅጡ ሳታዪ መርፌ ወግቷት ነው ብለሽ ሸኘሻትና ለቀጣይዋ ደንበኛ ሰሙን እንዳሞቅ አዘዝሽኝ። ያኔ ነው ማሞቂያውን ከነሰሙ አንስቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የገለበጥሁት። ወለልሽ ላይ የፈሰሰው ጥፋቴ ነው፤ እሱን መጥቼ እፍቃለሁ።

ሰም ከቀለጠ ምን ጀርም ይተርፈዋል ብለሽ በሰው ፊት ሳቅሽብኝ። የመለስሁልሽን ዛሬም እደግመዋለሁ፦ "የሰው እጅ የቻለውን ሙቀት ጀርሙ አይችልም ያለሽ ማነው?" ድፍረት ነው አልሽ። ይሁን፣ ድፍረት ነው።

ልብስ ሰፊዋን ቤቷ ሄጄ ጥፋቱ ከእኔ እጅ ነው አልኋት። ስምሽን አላነሳሁም። ሐኪም ጋም አብሬያት ሄጃለሁ።

ከተመለስሁ ቁስል ያለበት እጅ አልነካም፤ ሙቀቱን መጀመሪያ በራሴ አንጓ እሞክራለሁ፤ የአንዷ ሰም ለሌላዋ አይደርስም። ይህን ከየት አመጣሽው ብትዪኝ ካንቺ ነው። ልጅሽ ባለፈው ወር እጇን ልትሠራ ስትመጣ ያልተከፈተ ሰም አስመጣሽኝ። ለብቻው አቅልጠሽ፣ በጭልፋ እየቀዳሽ፣ እጇን የምታስገባበት አዲስ ፌስታል ውስጥ ራስሽ አፈሰስሽላት። እኔ ፎጣ ይዤ አጠገብሽ ቆሜ ነበር።

እሷ ስትጨርስ "ነይ፣ ላንቺም ይድረስሽ" ብለሽ እጄን የደንበኛው ሁሉ እጅ የሚገባበት ዋናው ማሞቂያ ውስጥ ነከርሽልኝ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ካንቺ ሌላ እናት ስለማላውቅ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

እግርሽን ያበርታልሽ። ክፉውን ሁሉ ከደጅሽ ይመልስልሽ።

አክባሪሽ፣
የወንድምሽ ልጅ