አልበርት የተባለው ስም

ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እግራቸውን ተሻላቸው? እኔና ልጁ ኮሮናውም ችግሩም ምሮን ደህና ነን፤ ጠይቀህ ባታውቅም ልንገርህ።

ወንድምህ ዱካሞ መልእክትህን አድርሶልኛል። ልጄን አልበርት ብላ የጀርመን ስም ለጠፈችበት፣ በሆሳዕና ሰው ፊት መሳቂያ አደረገችኝ ብለሃል አሉ። ዓይንህን በጨው አጥበህ! አባቴን ልቅበር ብለህ ሄድክ፤ ድንበር ተዘጋ አልክ፤ አመንኩህ። ድንበሩ ተከፈተ፤ አብሮህ የሄደው ዱካሞ ተመልሶ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንተስ?

ንዴቱ አላስተኛ ቢለኝ ስለ ስሙ ፈልጌ አነበብኩልህ። አዎ፣ ከጀርመን ነው የመጣው። ክቡርና ብሩህ ማለት ነው። የእንግሊዟ ንግሥት የቪክቶሪያ ባል በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ አንስታይንም እንደዚሁ። እዚሁ አገር ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለሙት ታጋይ ሉቱሊ ስማቸው አልበርት ነው። ለጎረቤታችን ለሽማግሌው አልበርት እናቱ ስሙን ያወጣችለት በእሳቸው ነው።

አስታወስከው? ሬዲዮው ጮኸብኝ እያልክ የምትሰድበው ሰውዬ። ምጤ ሲመጣ ከተማው በወታደር ተዘግቶ ነበር። አምቡላንስ ብጠራ የለም። የአጎትህ ልጅ ሀቢሶ ያስልሻል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ስልኩን ዘጋው። አልበርት ግን በነጠላ ጫማ ወጥቶ፣ አሮጌ ባኪ መኪናውን አስነስቶ ወሰደኝ። ወታደሮቹ መንገድ ላይ አስቁመው ምንህ ናት ሲሉት ልጄ ናት አላቸው። ሆስፒታሉ አላስገባ ስላለው ልጁን ይዤ እስክወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ጊዜ አየሁት።

ገና ሰሞን ያ በሽታ ወሰደው። ለቀብር ሰው በልክ ስለሚገባ ከአጥር ውጭ ቆሜ ሸኘሁት። አልቅሼ ገና አልወጣልኝም፤ አንተ በስሙ ታፍራለህ!

አንድ ነገር ግን ተሳስተሃል። ዱካሞ ስሙን የሰማው ክሊኒክ ሸኝቶን፣ ነርሷ አልበርት ብላ ልጁን ስትጠራው ነው። እዚህ አገር ነርስ የምትጠራው በፊተኛው ስም ሳይሆን በኋለኛው መሆኑን ሁለታችሁም ዘነጋችሁት። እኔ ለልጁ ያወጣሁለት ስም ዮአብ ነው።

ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንተንም እግዚአብሔር እዚያው በጤና ያኑርህ።

የዮአብ አልበርት እናት