ባቢከር የሚጠብቀው ቆርቆሮ

ውድ ሩሐማ፣

አዲስ አበባ ተመቸሽ? እኛ አሶሳዎች ወሬ ሞልቶልናል። ክልሉ አዲስ አይደል፤ በየሳምንቱ አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ መኪና ይመጣል። ያ የምታውቂው ሙላቱ እንኳ ከተሾመ ወዲህ ሰላምታ መመለስ ትቷል። ይሄንኑ እያወራሁሽ ብውል ደስ ባለኝ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ ባቢከር ነው።

ፕሮጀክታችሁ ያኔ ያለውን አትረሺውም። ቀርከሃው እንዳይመናመን፣ የቀርከሃ ቤቱን አፍርሶ በአፈር ጡብ ግድግዳ ላቆመ ሰው የጣሪያ ቆርቆሮ በብድር ይሰጠዋል፤ ሣር የከደነ ግን ብድሩ ይቀርበታል። ባቢከር ከሁሉ ቀድሞ አፈረሰ። መንደሩ ተጠራርቶ ግድግዳውን አቆመለት። አንቺም ጭቃ ረግጠሽ፣ ከሚስቱ ከማሪያም ጋር ገንፎ በባሚያ በላሽ። ከዚያ ቆርቆሮው ሳይመጣ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ አንቺም ሄድሽ።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ባልና ሚስቱ የሚያድሩት እኔ ማድቤት ነው፤ ጣሪያ አልባው ግድግዳቸው በየዝናቡ ይሟሟል። ጎረቤቶች ለራሳቸው ጎጆ ያስቀመጡትን ሣር ተሸክመው መጡለት። እምቢ አለ!

«ባቢከር፣ በሞቴ፣ ፕሮጀክቱ እኮ ተዘግቷል» አልኩት።

«ሩሐማ ይመጣል» አለኝ። በዚያ አማርኛው ዛሬም አንቺን እንደ ወንድ ነው የሚጠራሽ። «ሣር አትክደን ብሏል፣ እኔም እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቶ የበላ ሰው፣ ወላሂ፣ አይዋሽም።»

«ጠብቅ አንተ!» አለችው ማሪያም። «ግድግዳው ሲያልቅ ቆርቆሮውን አናትህ ላይ ትመታዋለህ!»

ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ማሪያም ግን ሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች።

ትናንት በስተጓሮ ያለው ግድግዳ ተናደ። የመጣለት ሣርም ደጅ ተከምሮ በስብሷል፤ ዘንድሮ ሌላ የሚሰጠው የለም። እና ሩሐማዬ፣ ብትጽፊለትም ቤቱ አይተርፍም። አውቃለሁ። ግን ጻፊለት። «አልመጣም፣ ቆርቆሮውም አይመጣም» በይው፤ ካንቺ ካልሰማ ማንንም አያምንም። ቢያንስ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ በገባ ቁጥር መናኸሪያ እየሄደ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ማየቱን ይተው።

የምትናፍቅሽ፣ ዛሬ ግን የተቀየመችሽ
ሸዋነሽ