የላክሽው ብልቃጥ

ይድረስ ለውድ ታላቅ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ እያበቀለች ነው ብለሽኝ ነበር፤ ይሄኔ መንከስም ጀምራለች። እኛ ከአባታችን በቀር ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን እንደምታውቂው አላረጀም።

አባቴን በገዛ እጄ ሽባ አደረግሁት ብለሽ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እማዬ ስልክሽን እንዳናነሳ ከከለከለች አራት ወር ሆነ፤ እኔም እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬ ግን ሆዴ አልችል አለ። እትዬ፣ አባታችንን የጣለው ያንቺ ብልቃጥ አይደለም። ከፈለግሽ እርገሚኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ሐኪሙ ደም ማቅጠኛውን ያዘዘለት ደሙ ልቡ ውስጥ ረግቶ ወደ ጭንቅላቱ እንዳይሄድ ነው። ፋርማሲ ስለምሠራ የቤቱ ሐኪም እኔ ሆኜ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት የሳምንቱን መድኃኒት ሰባት ክፍል ባላት የፕላስቲክ ሳጥን እሞላለታለሁ። ከዚያ ያንቺ እንክብል መጣ። አንቲኦክሲዳንት ነው፣ የዛገ ደም ስር ያጸዳል፣ ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ነው የሚል ወረቀት ነበረው። አባታችን መነጽሩን አድርጎ ወረቀቷን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደገማት። ብልቃጡንም እንግዳ እንዲያየው መስኮቱ ላይ አቆመው። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር በመጣ ቁጥር፣ ልጄ የላከችልኝ ነው፣ እሷ እኮ አትረሳኝም ይለዋል። እኔ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ ያበጠ እግሩን አሻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ስሜ አልተነሳም።

ቀናሁብሽ። ሌላ ስም የለውም።

በሁለተኛው ወር ነስር ያስቸግረው ጀመር፤ ክንዱም ምንም ሳይነካው ይበልዛል። ወዲያው ገባኝ፤ ሁለቱ ተደርበው ደሙን ከልክ በላይ አቅጥነውታል። ፋርማሲያችን ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ እያልኩ ስጠይቅ ነው የምውለው። አንዱ መቅረት ነበረበት፣ የትኛው እንደሆነም አውቃለሁ። አባታችን ግን ያንቺን አላስነካ አለ። ነስሩን ያመጣብኝ የሐኪሙ ነው፣ እሱን አውጪልኝ አለኝ። ልከራከረው እችል ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ልወስደው እችል ነበር። እኔ ግን በሆዴ፣ እስቲ ያንቺው ያድነው እንደሆነ እናያለን አልኩ። የሐኪሙን ከሰባቱም ክፍል ለቅሜ አወጣሁና ለእማዬ እንዳንነግር ተስማማን። ነስሩ ቆመ። አባታችን፣ አንቺ ባለ ፋርማሲ ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጢሙን ሲላጭ ወደቀ። ስደርስ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደተቀባ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ቀኝ ጎኑም አንደበቱም ሄደ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስድ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ እማዬ፣ የምትሰጠው ልጄ ራሷ ናት፣ አንድ ቀን አታጓድልበትም አለች። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ያኔ ነው ብልቃጡ ትዝ ያላት። ቤት እንደገባን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ አንቺንም አብራ።

እማዬ ጉልበቷ ስለማይችል የማገላብጠው፣ የማጥበውና የማጎርሰው እኔ ነኝ። አሁን በግራ እጁ መጻፍ ጀምሯል፤ ፊደሎቹ ትላልቅና የተንጋደዱ ናቸው። ባለፈው ሐሙስ እማዬ እርሳስ አስያዘችውና፣ በፈጣሪ ይዤሃለሁ፣ ለዚህ ያበቃህ ያ ልጅህ የላከችው ነገር ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እኔ ሾርባውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። እውነቱን እንዲጽፈው ፈልጌ ነበር፤ በልጆችሽ እምልልሻለሁ። አባታችን ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። ከዚያ አንድ ቃል ጻፈ። አዎ።

እማዬ እያለቀሰች ወጣች። ሾርባውን ላስቀምጥ ጠጋ ስል ቀሚሴን በግራ እጁ ጨምድዶ ያዘኝ። እስኪመሽ አለቀቀኝም።

ይህን ደብዳቤ ይዘሽ ነይና ለእማዬ አንብቢላት፤ እኔ አልችልም። ይህን ከሰማች በኋላ አባታችንን አታስነካኝምና ለሁለት ሦስት ቀን ብለሽ እንዳትመጪ፣ ልብስሽን በርከት አድርገሽ ያዢ። ደም ማቅጠኛው ማታ ማታ ነው። ሾርባውን ወፈር፣ ቀዝቀዝ አድርጊውና በግራ ጉንጩ በኩል በትንሹ አጉርሺው፤ በቀኝ ያንቀዋል።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ታናሽ እህትሽ