ለእትዬ ዘይነባ ማሽላ የሚሆን ጥይት

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 1978

አቆሰልኳት። አልገደልኳትም፣ አቆሰልኳት። ዋኔዋ ክንፏን እየጎተተች ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ግማሽ ሰዓት ፈልጌ አጣኋት። እትዬ ዘይነባ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ነፍስ ናት እኮ» አሉኝ። «ከገደልክ አንዴ ግደል። ካልቻልክ ተወው፣ እኔ በወንጭፌ እሞክራለሁ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንጭፉን ግን ወፎቹ ለምደውታል። በዚህ በበጋ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ያለው የማሽላ ማሳ ሁሉ ባዶ ነው። በመስኖ ለምቶ ፍሬ የያዘ ማሽላ ያለው እኛ ሙከራ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ የቆላው ወፍ ጠቅልሎ እኛ ላይ ሰፍሯል። ያለን ደግሞ ሦስት መስመር ነው። ሦስት! በሰባ ሰባቱ ድርቅ አገሩ ዘሩን ሳይቀር ሲበላ፣ እኚህ ሴት አንድ ቅል ነጭ ማሽላ ጓዳቸው ቀብረው ተርበው ከረሙ። ታኅሣሥ ላይ አምጥተው «አብዛልኝ» አሉኝ። ቅሉን እስከ ታች አራግፌ ዘራሁት። ይሄ ከጠፋ ሌላ የለም።

ማክሰኞ፣ 9

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ጠመንጃውን ፈተንኩት። ባሩድ የለውም፣ ቱቦውን አጥፈው አየር አምቀው የሚተኩሱት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ከሦስት ቆርቆሮ ጥይት ጋር መጋዘን ጥሎት ሄዷል። ቆርቆሮዎቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ ለቋል።

አንደኛው፦ ወገባቸው የቀጠነ፣ ቀላል። ትናንት የተኮስኩት ከነዚህ ነው።
ሁለተኛው፦ ድፍን፣ ረዘም ያለ፣ ከባድ።
ሦስተኛው፦ ድፍን ሆኖ አጠር ያለ፣ ከኋላው ጎድጎድ ያለ።

ወረቀት ግንድ ላይ ለጥፌ ከሃያ እርምጃ ከመጀመሪያው ቆርቆሮ አሥር ተኮስኩ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለቱ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኙትም። አንዷ ድንጋይ ነጥራ በጆሮዬ በኩል ስታፏጭ አለፈች። ከዚያ ረዥሙን ድፍን በግድ አስገብቼ ቃታውን ሳብኩ። ጠመንጃው አስነጠሰና ዝም አለ። ጥይቷ ውስጥ ቀርታለች!

እኔ ይህን ስሠራ ወፎቹ ከሦስተኛው መስመር አራት እራስ ጨረሱ።

ረቡዕ፣ 10

የፈራሁት መጣ። የቀበሌው ሚሊሺያ ጋሽ እንድሪስ ክላሹን አንግቶ፣ እያነከሰ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ። ከሰሜን ግንባር ቆስሎ የተመለሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው።

«ትናንት ስትተኩስ የዋልክ አንተ ነህ?»

የጣቢያውን ወረቀት አወጣሁ። ሳያነበው መለሰልኝና ጠመንጃውን ተቀበለኝ። ሊወርሰው ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ዘይትና ቀጭን ዘንግ አስመጣ፣ የተቀረቀረችውን ጥይት ቀስ ብሎ ገፍቶ አወጣት። ከዚያ ከመጀመሪያው ቆርቆሮ አንዷን አጎረሰና አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቀዘቀው። ጥይቷ ምንም ሳይነካት ሾልካ ወደቀች።

«ይቺ እንደ አባት ጫማ ሰፋታለች» አለ። «ውስጥ ለውስጥ እየተንገላታች ነው የምትወጣው። የት እንደምትሄድ እሷም አታውቅ።»

«ረዥሙስ?»

«እሱ መዶሻ ይፈልጋል። በዚህ አየር አይገፋም።»

«ታዲያ የቱ ነው የሚሆነው?»

«አውራ ጣትህን ጠይቀው።»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሐሙስ፣ 11

ቀኑን ሙሉ የእርሳስ ጥይት ስደባብስ ዋልኩ። ከጋሽ እንድሪስ ጋር ከሦስተኛው ቆርቆሮ አንዷን አጉርሰን በዘንግ እስከ ጫፍ ገፋናት። ቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝ መስመር ዙሪያዋን እኩል ፈርሞባታል። ልኳ ይሄ ነው። የቀሩትን ግን አንድ በአንድ መምረጥ ነበረብኝ፣ ከአንድ ቆርቆሮም ወጥተው እኩል አይደሉም። ሳትገፋ የምትገባ፣ ትጣል። ጣት የምታሳምም፣ ትጣል። ጫፏ የተጨፈለቀ፣ ትጣል። ጠበቅ አድርጌ ስጫናት እሺ ብላ የምትገባዋ ትቀመጥ።

ሠላሳ ሰባት ተገኙ።

ከሃያ እርምጃ አምስት ተኮስኩ። አምስቱንም በአንድ ሳንቲም መሸፈን ይቻላል! ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። እትዬ ዘይነባ አገላብጠው አዩትና «ወረቀት አይበርም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

ዓርብ፣ 12

ከመስኖው ካብ በስተጀርባ ሰው አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። አንዲት ዋኔ ቀርባ እስክታርፍ ጠበቅኩ። እትዬ ዘይነባ ትንፋሻቸውን ውጠው አጠገቤ ተንበርክከዋል። ተኮስኩ።

ዋኔዋ ካረፈችበት ዝም ብላ ወደቀች። አልተንፈራገጠችም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። እሳቸው አንስተው ደረቷን ዳበስ አደረጉና «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉ። እንጨት ላይ አንጠልጥለው መስመሩ መካከል ተከሉት። ሌሎቹ ግራሩ ላይ ሰፍረው እስከ ቀትር አልወረዱም። ጋሽ እንድሪስ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ጎራ ብሎ አየና «ጣት ተማረ» ብሎኝ አለፈ።

ቅዳሜ፣ 13

ሁለት ጥይት፣ ሁለት ወፍ። የቆሰለ የለም። ግን የሹፌሮች ወሬ ሰላም ነሳኝ፦ ካራቆሬ ላይ የግሪሳ ወፍ መንጋ ታይቷል አሉ። ግሪሳ ከመጣ ሠላሳ የማይሞላ ጥይት ምን ያደርጋል? አሥር ጊዜ ሰማይ አየሁ።

እሑድ፣ 14

እትዬ ዘይነባ ከመጀመሪያው መስመር ፍሬ በጥርሳቸው ሞከሩ። ቀጭ አለ። «ደርሷል!» አሉ። ከጋሽ እንድሪስ ጋር ሦስታችንም ማጭድ ይዘን ገባን፣ ረፋዱ ላይ መስመሩ ታጭዶ መጋዘን ጣሪያ ሥር ተሰቀለ። የሁለቱ መስመሮች ፍሬ ገና ወተት ነው፣ አልጠነከረም።

«ሂድ ተኛ» አሉኝ። «ዓይንህ ቀልቷል። እኛ እንጠብቃለን።»

ገብቼ ተጋደምኩ። አልሆነልኝም። በየመሐሉ የክንፍ ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል። ተነስቼ በዚያ ፀሐይ እየሮጥኩ ሄድኩ። እሳቸውና ጋሽ እንድሪስ ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ተቀምጠው አሹቅ እየቆረጠሙ ያወራሉ። ጠመንጃው ጥላው ሥር ተጋድሟል። አንድም ወፍ የለም።

«ምን ሆነህ መጣህ?» አሉኝ።

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አሹቁን አካፈሉኝ።